በሄፓታይተስ ሲ ሕክምና 5ኛ ሳምንት ሄሞግሎቢን ከ13.8 ወደ 9.7 ወረደ፤ ድካሙን ምን እናድርገው?

ብርዳማው_ሀገር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የ61 ዓመቱ አባታችን ሄፓታይተስ ሲ፣ ጄኖታይፕ 4 (የቫይረሱ አራተኛ ዓይነት) አለባቸው። ጉበታቸው ሲሮሲስ (ጠባሳ ይዞ መጠንከር) ደርሷል፤ ሕክምናው ሲጀመር ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። የሚወስዱት ሶፎስቡቪር 400 ከቬልፓታስቪር 100 ጋር የተዋሐደውን በቀን አንድ ፍሬ፣ ሪባቫይሪን ደግሞ ባለ 200 ሚሊግራሙን ጠዋት 3 ማታ 3 ነው። የታዘዘው ለ12 ሳምንት ሲሆን አሁን 5ኛው ላይ ነን። ከዚህ ሌላ ሽንት አሸኚዎቹ ስፓይሮኖላክቶን 100 እና ፉሮሰማይድ 40፣ ፕሮፕራኖሎል 20 በቀን ሁለቴ እና ኦሜፕራዞል 20 ጠዋት በባዶ ሆድ አላቸው።

ሄሞግሎቢን (የደም መጠን መለኪያው፣ በዴሲሊትር ግራም)፦ ሲጀመር 13.8፣ በ2ኛው ሳምንት 11.9፣ በ4ኛው 9.7።
ክሬአቲኒን (የኩላሊት መለኪያው)፦ ከ0.9 ወደ 1.4።
ጠቅላላ ቢሊሩቢን (ዓይን የሚያስቢጨው ቀለም)፦ ከ1.6 ወደ 2.9። ኤኤልቲ (የጉበት ጉዳት መለኪያው) ግን ከ96 ወደ 28 ወርዷል።
ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል)፦ ሲጀመርም አሁንም 84,000 አካባቢ።
ክብደት፦ ሲጀመር 77 ኪሎ፣ ውኃው ከወረደ በኋላ 69።

ከአልጋ ተነሥተው ደጅ እስኪወጡ ያለከልካቸዋል፤ ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነቃሉ። ጤና ጣቢያ ፌረስ ሰልፌት ተሰጥቷቸው ከጀመሩ ሳምንት ሆኗል። ዘመድ ደግሞ ቀይ ሥር ጨምቃችሁ አጠጧቸው፣ ጉበት አብሏቸው ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ብረቱ ይጠቅማቸዋል ወይ? ሰውነታቸው እስኪያገግም መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ብናቆመውስ?

ፋርማሲስቱ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ሶፎስቡቪር/ቬልፓታስቪሩን ለአንድ ቀንም እንዳታቆሙት። ቫይረሱን የሚገድለው እሱ ነው፤ እየተቋረጠ ከተወሰደ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ደሙን ያወረደው በሁሉም ምልክት ሪባቫይሪን ነው፤ የሚቀነሰውም እሱ ብቻ ነው። ሐኪሙ በሌላ ምክንያት ሶፎስቡቪሩን ጨርሶ ካስቆመ ግን ሪባቫይሪኑም አብሮ ይቆማል፤ ብቻውን ሄፓታይተስ ሲን አያድንም።

ሪባቫይሪን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ ፎስፌት ይጣበቅበታል። ሌሎች የሰውነት ሴሎች ይህን ፎስፌት የሚያላቅቅ ኢንዛይም ስላላቸው መልሰው ያስወጡታል፤ ቀይ ሴል ግን ይህ ኢንዛይም የለውምና የገባው እዚያው ይከማቻል። ከቀይ ሴል ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 40 ቀን ገደማ ይፈጃል። የተከማቸው የሴሉን ጉልበት እያሟጠጠ ግድግዳውን ይጎዳል፤ ጣፊያና ጉበት ደግሞ የተጎዳውን ሴል ዕድሜው ሳይደርስ ያስወግዱታል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መውረድ ይጀምራል፤ ዝቅተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ነው። የቢሊሩቢኑ መጨመርም ከዚሁ የሚመጣ ይመስላል፤ ኤኤልቲ እየወረደ ቢሊሩቢን ብቻ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የቀይ ሴል መሰባበር ነው። አባትዎ ከሕክምናው በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርገው እንደሆነ ግን መዝገባቸውን ይዩ። የሲ ሕክምና የተኛ ቢን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ያኔ ኤኤልቲ ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን መጠኑ። ሪባቫይሪን ከ75 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው 1,000፣ 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነ 1,200 ሚሊግራም ነው የሚታዘዘው። አባትዎ 1,200 የተሰጣቸው በ77 ኪሎ ተሰልቶ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ኪሎ የሆድ ውኃ ነበር። በእውነተኛ ክብደታቸው ቢሆን 1,000 ነበር የሚደርሳቸው። የተሰናከለ ሲሮሲስ (እንደ ሳቸው ሆድ ውኃ የቋጠረበት) ላይ ከ600 ጀምረው ደሙን እያዩ የሚጨምሩ ሐኪሞችም ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ኩላሊት ነው። ሪባቫይሪንን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። በ61 ዓመት፣ በ69 ኪሎና በ1.4 ክሬአቲኒን የኩላሊቱ ማጣሪያ በኮክሮፍት ስሌት (ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከክሬአቲኒን የሚሰላው) በደቂቃ 54 ሚሊሊትር ገደማ ይመጣል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው ስለሚሳሳ ክሬአቲኒኑ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ እውነተኛው አቅም ከ54 በታች ሊሆን ይችላል። ከ50 በታች ከሆነ መደበኛው መጠን አይሰጥም፤ በ30 እና በ50 መካከል 200 እና 400 ሚሊግራም ቀን በቀን እየተፈራረቁ ይወሰዳሉ። ስምንት ኪሎ ውኃ በአምስት ሳምንት ከወረደ ሽንት አሸኚዎቹ በዝተውባቸው ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ሄሞግሎቢኑን ብቻ ሳይሆን ክሬአቲኒኑንና ክብደቱንም አንድ ላይ ይንገሩት።

የመቀነሻው ደንብ ይህ ነው። የልብ ሕመም የሌለበት ሰው ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ሲሆን ሪባቫይሪን ወደ 600 ይወርዳል፤ ጠዋት 1 ፍሬ፣ ማታ 2። ከ8.5 በታች ከሆነ ይቆማል። የልብ ሕመም ካለ በአራት ሳምንት ውስጥ 2 ግራም መውረዱ ብቻ ለመቀነስ በቂ ነው። በ9.7 ቀጣዩን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ ይደውሉ። አዲሶቹ መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ የሪባቫይሪን መቀነስ የመዳን ዕድልን ብዙም እንዳልጎዳ ታይቷል። ሰዎች ይህን ስለማያውቁ «እስኪያልቅ ልታገሠው» እያሉ ይጎዳሉ።

ኦሜፕራዞሉም ችግር አለበት። ቬልፓታስቪር የሚሟሟው በጨጓራ አሲድ ውስጥ ነው፤ ኦሜፕራዞል አሲዱን ሲያጠፋ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል። ምርጡ ነገር ሐኪሙ ኦሜፕራዞሉ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ዳግም እንዲያየው ነው። የግድ ከሆነ ሶፎስቡቪር/ቬልፓታስቪሩን ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስ ጋር፣ ኦሜፕራዞል 20ውን ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም 5 ሰዓት ላይ ይውሰዱ። አሁን የሚወስዱበት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

ሌላም አለ፦ ራስ ምታት ሲይዛቸው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይሰጥ፤ ለኩላሊቱም ለጨጓራውም አደጋ ነው። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ ይበቃል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች የተሰበረ ሪባቫይሪን አትንካ፤ ፅንስ ይጎዳል።

ከላብ_መስኮት፦

ስለ ብረቱ። ምርመራ ሳይደረግ ብረት መስጠት እዚህ ላይ ትክክል አይደለም። ቀይ ሴል ሲሰባበር ውስጡ ያለው ብረት ከሰውነት አይወጣም፤ ተመልሶ ይከማቻል። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ጉበት ደግሞ ከመጀመሪያውም ብረት የማከማቸት ጠባይ አለው። የጎደለው ብረት ካልሆነ ፌረስ ሰልፌት ደሙን አይጨምርም፤ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራኝ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጉሮሮው ሥር ያበጡት ደም ሥሮች ቢደሙ ምልክቱ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ሰገራ ነው። ብረት እየዋጠ ያለ ሰው ላይ ይህን መለየት ያስቸግራል።

ቀይ ሥርም እንዲሁ ነው። እንደ ምግብ ጉዳት የለውም፤ ግን የብረት መጠኑ ትንሽ ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይም ሽንት ያቀላል። ሽንት በቀላ ቁጥር «ደም ነው» ተብሎ መደንገጥ፣ ወይም እውነተኛውን ደም «ቀይ ሥሩ ነው» ብሎ ማለፍ፣ ሁለቱም ይመጣሉ። ጉበት መብላትም ያው ብረት ነው፤ አሁን የሚፈለግበት ምክንያት የለም።

የሚከተሉትን አንድ ላይ አሠሩ። ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ከኤምሲቪ (የቀይ ሴል መጠን) ጋር፣ ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተወለደ ቀይ ሴል)፣ የተከፋፈለ ቢሊሩቢን፣ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) ከትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ የሚጓጓዝ ብረት መለኪያ) ጋር፣ የሰገራ ምርመራ፣ ክሬአቲኒንና ዩሪያ። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ሬቲኩሎሳይት ከፍ ካለ መቅኒው እየሠራ ነው፣ ሴሎቹ ግን ይሰባበራሉ ወይም ይፈሳሉ ማለት ነው። ኤምሲቪ ከ80 በታች ከወረደ የብረት እጥረት ይጠረጠራል፤ መንጠቆ ትል ባለበት አካባቢ የኖረ ሰው ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ፌሪቲንን ብቻውን አትመኑት፤ ጉበት ሲታመም ያለ ብረትም ከፍ ይላል። ሳቹሬሽን ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ነው ብረት ሊታሰብ የሚገባው። ዩሪያ ከክሬአቲኒኑ ጋር ሳይመጣጠን ዘሎ ከወጣ የጨጓራ መድማትን አስቡ። ፕላትሌቱ 84,000 መሆኑ ከጣፊያው ማበጥ ነው፤ ሳይለወጥ እስከቆየ ድረስ ለሪባቫይሪን አትስጡት።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች 9.7 እዚያ ዝቅ ባለ ቦታ ከሚለካ 9.7 እንዳነሰ ይቆጠራል። በዓለም ጤና ድርጅት የቆየ ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ከተለካው 1.3 ግራም ይቀነሳል።

ስኳር ያለባችሁ አንባቢዎች ደግሞ ልብ በሉ፦ ሪባቫይሪን ላይ ሳላችሁ ኤችቢኤዋንሲ (የሦስት ወር አማካይ ስኳር ምርመራ) በሐሰት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ቀይ ሴሉ ስኳር ሳይሰበስብ ቶሎ ስለሚሞት። በጣት መርፌ የሚለካውን ስኳር ተከተሉ። ቫይረሱ ሲጠፋም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው መጠኑ መታየት አለበት።

ራስ_ዳሸን፦

ከፍታውን በተመለከተ ከላይ ካለው አልስማማም። ያ ሠንጠረዥ ለእኛ ደጋ ሰው ልኩ አይደለም። በ2002 የታተመው የሰሜን ተራሮች ጥናት 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢን ከባሕር ወለል ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል፤ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ እንዳሉት ሰዎች አይወጣም። የሳቸው መለኪያ የራሳቸው 13.8 ነው። ከዚያ 4.1 ወርዷል፤ ድካሙን የሚያስረዳው ይህ ነው፣ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም።

ከላብ_መስኮት፦

ተቀብያለሁ። 10 እና 8.5 የሚሉት የሪባቫይሪን ገደቦችም በከፍታ አይስተካከሉም፤ እንዳሉ ነው የሚሠራባቸው።

ሲስተር_ዋርድ3፦

እህቴ፣ አንድ ነገር ጻፍሽና ሁሉም አለፈው። ቀን ይተኛሉ ሌሊት ይነቃሉ ብለሻል። ይህ የደም ማነስ ድካም ላይሆን ይችላል። ጉበት መርዝ ማጣራት ሲያቅተው አንጎል መጀመሪያ የሚያሳየው የእንቅልፍ መገልበጥ ነው። እንዲህ ፈትሺው፦ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን እንደ «ቁም» ምልክት ወደ ኋላ ያጥፉት፤ እጁ እየወደቀ እየተነሣ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ወይም ከ20 ወደ ኋላ መቁጠር ከተምታታባቸው፣ ወይም ስማቸውን መፈረም ከተለወጠባቸው ያው ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ሆድ ድርቀት ይህን ያባብሳል፤ ብረቱ ደግሞ ያደርቃል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ላክቱሎስ ይታዘዝላቸዋል። «እንቅልፍ እንቢ አላቸው» ተብሎ ዳያዜፓም እንዳይሰጣቸው አደራ።

እጁም ቁጥሩም ደህና ከሆነ ደግሞ የእንቅልፉ ጠንቅ የማታው ሪባቫይሪን ሊሆን ይችላል፤ ሰው ያነቃል። ሁለተኛውን ከመኝታ በፊት ሳይሆን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከራት ጋር ስጧቸው። በባዶ ሆድ ከሆነ ያቅለሸልሻል፣ ወደ ደምም በደንብ አይገባም።

ፕሮፕራኖሎሉን አትርሱ። ራሱ ያደክማል፣ ከዚያ በላይ ግን የልብ ምትን ይይዛል። ደም ሲወርድ ልብ በመፍጠን ያሳውቃል፤ እሳቸው ላይ ግን ምቱ 60 ሆኖ ደሙ 8 ሊሆን ይችላል። «ልባቸው አይመታም፣ ደህና ናቸው» አትበሉ። ተኝተውና ከተነሡ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግፊታቸውን ለኩ፤ የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ከወረደ፣ ወይም ተኝተውም ከ90 በታች ከሆነ ፕሮፕራኖሎሉና ሽንት አሸኚው መታየት አለባቸው። መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቁሙ።

ምግብ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፤ ጉበት ስለታመመ ፕሮቲን ይከለከላል ይላሉ። ተቃራኒው ነው። በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ለ69 ኪሎ ከ83 ግራም በላይ መሆኑ ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 16፣ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ሽሮ 20 አካባቢ፣ መቶ ግራም የበሰለ ዶሮ 25፣ የቀረውን እንጀራው ይሞላዋል። አንድ ጊዜ በዝቶ ሳይሆን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ። ከመኝታ በፊት አንድ ነገር የግድ ይብሉ፤ የታመመ ጉበት ስኳር ስለማያጠራቅም ሌሊቱን ሙሉ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል። 70 ግራም ገደማ በሶ በወተት ወይም በማር ውኃ ተበጥብጦ ይበቃል፣ ግን ጨው ሳይገባበት። የቀኑ ጨው በሙሉ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ስትገዙ ጨው የተቀላቀለበት እንዳይሆን ጠይቁ፤ ውኃው የሚመለሰው በዚህ በኩል ነው።

ድካሙን በተመለከተ፣ አልጋ ላይ ማዋል ጡንቻቸውን ይጨርሰዋል። ከቁርስ በኋላ ጉልበት ሲኖር ገላ መታጠቡም መውጣቱም ያን ሰዓት ይሁን፤ አሥር ደቂቃ በለሰለሰ መሬት ይራመዱ፣ እያወሩ መራመድ እስኪያቅታቸው ድረስ ግን አይደለም። ቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይበልጥ። ቡና ከ6 ሰዓት በፊት። ጠላና አረቄ በፍጹም፣ ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚበጠበጥ ሥራ ሥርም እንዲሁ።

ሳትጠብቁ ሆስፒታል የሚያስሄደው፦ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ መጫን፣ ራስን መሳት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ፣ ንግግር መምታታት።

ብርዳማው_ሀገር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙ ሪባቫይሪኑን 600 አድርጎታል፤ ፉሮሰማይዱን አቆመ፣ ብረቱንም አስወጣው። ሰገራው ብረቱ ከቆመ በኋላ ወደ መደበኛው ተመልሷል። የእጁ ምርመራ ደህና ነው፣ ከ20 ወደ ኋላም ቆጥረዋል። ሬቲኩሎሳይት 5.2 በመቶ፣ ኤምሲቪ 101፣ ፌሪቲን 640፣ ሳቹሬሽን 48 በመቶ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራቸው ከመጀመሪያው ነጻ ነው። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢን 9.5 ሆነ፣ አልጨመረም። ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ቀይ ሴል የሚያስመርት መርፌ ይገዛ ይሆን? እና ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ አባባ እጾማለሁ ብለዋል።

ፋርማሲስቱ፦

9.5 መልካም ዜና ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት 1.9፣ ቀጣዩ ሁለት ሳምንት 2.2 ነበር የወረደው፤ አሁን በሳምንት 0.2። በሴሉ ውስጥ የተከማቸው ስላልወጣ ወዲያው አይጨምርም፤ አሁን የሚፈለገው መቆሙ ነው። ሲቢሲውን በየሳምንቱ ይቀጥሉ፤ ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ካልወረደ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ትንሽ ከፍ ሲል ወደ 1,200 ልመልሰው እንዳትሉ።

መርፌውን አልመክርም። በኢንተርፌሮን ዘመን (አዲሶቹ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት በነበረው መርፌ)፣ ሕክምናው 48 ሳምንት በነበረ ጊዜ፣ ሪባቫይሪንን ላለመቀነስ በሳምንት 40,000 ዩኒት ይሰጥ ነበር። ውጤቱ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ በ12 ሳምንት ሕክምና ሲደርስ ሕክምናው እያለቀ ነው። ውድ ነው፣ ደም መርጋትም ያመጣል።

ምናልባት ከ8.5 ወርዶ ሪባቫይሪኑ ጨርሶ ቢቆም ሐኪሙ ሶፎስቡቪር/ቬልፓታስቪሩን ብቻውን እስከ 24 ሳምንት ሊያራዝመው ይችላል። ለ12 ሳምንት የሚያስፈልገው 84 ፍሬ፣ ባለ 28 ሦስት ብልቃጥ ነው፤ ለ24 ስድስት ይሆናል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አይገኝምና ይህን ጥያቄ 10ኛው ሳምንት ሳይደርስ አሁን ለሐኪሙ ያንሡ።

ሲስተር_ዋርድ3፦

ሰዓት መጾሙን ጉበታቸው አይችለውም። አባትሽ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ቢውሉ ያ ሁሉ የምግብ ሥራ ይፈርሳል፣ የጠዋት ሪባቫይሪኑም ያለ ምግብ ይቀራል። የንስሐ አባታቸው ጋ አብራችሁ ሂዱ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፣ ከሳቸው አፍ ሲሰሙት ይቀበላሉ። ከወተትና ከሥጋ ካልተቆጠብኩ ካሉ ሰዓቱን ትተው የጾም ምግብ ይብሉ፤ ግን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ኦቾሎኒው በእጥፍ ይጨመር፤ የማታው በሶም በማር ውኃ ይሁን። ለሙስሊም አንባቢዎችም በዚህ ደረጃ ላለ ጉበት መልሱ ያው ነው። ሲሮሲስ የሌለበት፣ ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው ግን ሪባቫይሪኑን በሱሑርና በኢፍጣር ከምግብ ጋር መውሰድ ይችላል።

ብርዳማው_ሀገር፦

ከሕክምናው በኋላ ደሙ መቼ ይመለሳል?

ከላብ_መስኮት፦

ሪባቫይሪኑ ከቆመ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት። በስምንተኛው ሳምንት ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የመዳን ምርመራው፣ ማለትም ቫይራል ሎዱ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)፣ መድኃኒቱ ካለቀ 12 ሳምንት በኋላ ስለሆነ ሲቢሲውን በዚያው ቀን ደግሞ አሠሩት፤ ቀጠሮውን ከመጨረሻው ፍሬ ቀን ቆጥራችሁ ካርዱ ላይ አስጽፉ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ከዳኑ በኋላም ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ በሱ ተመርምረው «አልዳኑም» ቢባሉ የቫይራል ሎዱን ወረቀት አሳዩ።